ማን ቀድሞ ይናገር?



በተኳረፉ ሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር አይበልጥም። አንዷ ቡና ስትወቅጥ ሌላዋ ትሰማለች። የአንዷ ልጅ ሲያለቅስ ሌላዋ የትኛው ልጅ እንደሆነ በድምፁ ትለየዋለች። ጠቡ የተነሣው በውኃ መውረጃ ቦይ ሊሆን ይችላል፣ በልጆች ድብድብ ሊሆን ይችላል፣ ሳይደርስ በቀረ የሰርግ ጥሪ ወረቀትም ሊሆን ይችላል። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ መነሻውን አስተካክሎ የሚያስታውስ አይገኝም። ሳይረሳ የሚቀረው «እሷ ሳታናግረኝ አላናግራትም» የሚለው ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለችውም ቃል በቃል ይህንኑ ብላለች።

ኩርፊያን ዓመት የሚያስቆጥረው የጥላቻው ብዛት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ኩርፊያን በቅርብ አላየም። የብዙው አኩራፊ ልብ ከተመለሰ ቆይቷል። የቸገረው ተራው የማን እንደሆነ ነው። ቀድሞ የተናገረ የተሸነፈ ይመስላል፤ ቀድሞ የደወለ ጥፋቱን ያመነ ይመስላል። ባልና ሚስት በአንድ አልጋ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተው የሚያድሩት፣ ወንድማማቾች በውርስ ቤት ተጣልተው አሥር ዓመት በለቅሶ ቤት ብቻ የሚተያዩት በዚህ የተራ ጥያቄ ነው።

የዛሬው ንግግር እምነት በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚሠራው ሥራ ነው። ሃይማኖት የሰውን ልብ ይለውጣል ይባላል፤ ያ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፣ የሚያየውም ፈጣሪ ነው። ጎረቤት ሊያየው የሚችለው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፦ አንዲት የተዘጋጀች ቃል፣ አንድ የአካል እንቅስቃሴ፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ የተቆረጠ አንድ ዕለት። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ልብ አልፈታውም ያለውን ቋጠሮ ሲፈቱት ይታያል።

በቃሏ እንጀምር። ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን አስቀምጠው፣ ክርክሩን ሰምተው፣ የሚገሠጸውን ገሥጸው፣ ካሳ ካለም ቆርጠው ሲያበቁ የቀረው ሥርዓት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አንዱ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፤ ሌላውም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ይመልሳል። ተነሥተው ይሳሳማሉ። ይችን ቃል ሰው ስለለመዳት ጥበቧን አያስተውልም። «ይቅር» ከ«ቀረ» የወጣ ነው፤ ነገሩ እዚያው ይቅር፣ ከእንግዲህ አይከተለን እንደማለት ነው። ማን እንደበደለና ማን እንደተበደለ ውስጧ የለም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ስለሚናገሩ አንዱ ለማኝ፣ አንዱ መጽዋች ሆኖ አይታይም። «ለእግዚአብሔር» የምትለዋ ደግሞ «ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ» የምትል ቀዳዳ ትታለች። ኩሩ ሰው ለባላጋራው አንገቱን ከሚደፋ ለፈጣሪው ቢደፋ ይቀለዋል። ቃሏን ያበጇት ሰዎች ይህን የኩሩ ሰው ጠባይ ሳያውቁት አልቀሩም።

በደሉ ሲከብድ ግን ቃል ብቻውን አይበቃም። በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች በዳይ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ከተበዳዩ ፊት ይቀርባል፤ ወላጁን ያስቀየመ ልጅም እንዲሁ ያደርጋል። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ አውርደው» እስኪባል ድረስ ድንጋዩ ከማጅራቱ አይወርድም። እዚህ ላይ አንደበተ ርቱዕ መሆን አያስፈልግም። ምን ልበል ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የተገላበጠ ሰው ጠዋት ድንጋይ ፈልጎ መነሣት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ቃሉም ምልክቱም ቢኖር ቀን ካልተቆረጠለት ነገሩ ለነገ፣ ለከነገ ወዲያ እየተባለ ይንከባለላል። የጾም መግቢያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሊገባ ሲል ያሉት ቀናት ቅበላ ይባላሉ፤ ሉካንዳ ቤቱ ይጨናነቃል፣ ዶሮ ይወደዳል፣ ከሥጋ የሚለያይ ሰው ሁሉ ለስንብት ይሰለፋል። ከዚህ ግርግር ጎን ለጎን ሌላም ሥራ አለ። የንስሐ አባቶች የተጣሉ ልጆቻቸውን ያገናኛሉ፤ ወር ሙሉ ያልተደወለለት ስልክ ይደወላል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረት በዚህ ሰሞን ከአረጋውያን አፍ አይጠፋም። ሌባን ሳሉ እንደሚያጋልጠው ሁሉ የሚጸልየውንም ሰው ቂሙ ያጋልጠዋል ማለት ነው። በቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓም ጾም የሆድ ብቻ አይደለም፤ ዓይንም፣ ጆሮም፣ አንደበትም የየራሳቸው ጾም አላቸው። ከሥጋና ከወተት ርቆ የሰው ስም ሲያነሣና ሲጥል የዋለ ሰው ጾሟል ወይ ቢባል መልሱ የታወቀ ነው።

ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተራውን ጥያቄ ያለ ማወላወል ይመልሰዋል። መባውን ይዞ ከመሠዊያው የደረሰ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ መጀመሪያ እንዲታረቅ ታዟል። ልብ ማለት የሚገባው፣ እንዲሄድ የታዘዘው ትዝ ያለው ሰው መሆኑ ነው። ማን ጀመረው፣ የማን ጥፋት ይበልጣል የሚል ምርመራ በመካከል አልገባም። ትዝ ያለው ይሂድ፤ አለቀ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሰላምታን በመከልከል ሰላምታን የሚያድሰው የሰሞነ ሕማማት ሥርዓት ነው። ይሁዳ ጌታውን ስሞ አሳልፎ ሰጥቶታልና በዚያ ሳምንት ምእመናን አይሳሳሙም፣ አይጨባበጡም፣ መስቀልም አይሳለሙም። የስቅለት ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ሲሰግድ የዋለው ሕዝብ ወደ ማምሻው ካህናቱ ፊት ቀርቦ በወይራ ቅጠል ይጠበጠባል፤ ስግደት ተጨምሮለት ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ይሰግዳል። በትንሣኤ ሌሊት ደግሞ ታግዶ የቆየው ሰላምታ ይመለሳል። ለአኩራፊ ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ የለም። ሁሉም ሰላምታን እንደ አዲስ በሚጀምርበት ሌሊት እሱም ቢጀምር ማን ልብ ይለዋል? ሳምንቱን ዝም ያለው ሁሉም ነውና የእሱ ዝምታ ከሌላው ዝምታ ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

በእስልምና የጊዜ ገደቡ ይበልጥ ያጥራል። ቡኻሪና ሙስሊም የተባሉት የሐዲስ ሊቃውንት በዘገቡት መሠረት አንድ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ አይፈቀድለትም። ተገናኝተው ፊታቸውን ከሚያዞሩ ሁለት ሰዎች በላጩም ሰላምታ የሚጀምረው እንደሆነ ሐዲሱ ይናገራል። የሰው ልጅ ቁጣ ጊዜ እንደሚፈልግ ታውቆ ሦስት ቀን ተሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ቀድሞ መናገር ብልጫ ተደረገ። አጥር ለአጥር የተኳረፉት ሁለቱ ሴቶች ስድስት ወር ሙሉ የፈሩት ሽንፈት እዚህ በአንድ ጊዜ ሽልማት ሆነ።

በረመዳን ደግሞ ጾመኛ ሰው የሚሰድበው ወይም ለጠብ የሚጋበዘው ሰው ቢገጥመው ጾመኛ መሆኑን እንዲናገር ተመክሯል። ይህን ምክር መርካቶ ውስጥ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ማሰብ ነው። ፀሐዩ አልበረደም፣ ጉሮሮ ደርቋል፣ አፍጥር ገና ነው፤ ተሸካሚው በሸክሙ ይገፈትራል፣ ገዢው አንዱን ዕቃ አምስት ጊዜ ያስወርዳል። በዚህ ሰዓት ስድብ በስድብ መመለስ ከሁሉ የሚቀልል ነገር ነው። «ጾመኛ ነኝ» የሚል ሰው ግን ሌላውን እየገሠጸ አይደለም፤ ለራሱ ጆሮ እያሰማ ነው። ሁለት ቃል ናት፤ ለመናገር የምትወስደው አንድ ትንፋሽ የተሰነዘረ እጅን ለመመለስ ይበቃል።

አይሁድም ለዚሁ ጉዳይ የራሳቸው መልስ አላቸው። ሚሽና በሚባለው የሕግ መጽሐፋቸው እንደተደነገገው የስርየት ቀን የሆነው ዮም ኪፑር በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን በደል ያስተሰርያል፤ ሰው በሰው ላይ የሠራውን ግን ተበዳዩ እስኪታረቅ ድረስ አያስተሰርይም። ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ ከዚያ በ50ኛው ቀን ሲግድ የተባለውን በዓል ያከብራሉ፤ ስሙ ከ«ሰገደ» የመጣ መሆኑን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ሳሉ ጾመው፣ ንጹሕ ለብሰው፣ ቄሶቻቸውን ተከትለው ተራራ ይወጡ ነበር፤ ኦሪት ይነበባል፣ ይሰገዳል፣ ከተራራው ሲወርዱ ማዕድ ይቀርባል። በዮም ኪፑር እያንዳንዱ የራሱን ገበና መርምሯል፤ በሲግድ የሚመረመረው የማኅበረሰቡ ነው። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት በ2008 እ.ኤ.አ. ሲግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ዛሬ በየከተማው ተበታትነው የሚኖሩ ቤተሰቦች በዚያ ቀን ኢየሩሳሌም ላይ ይገናኛሉ፤ ዓመት ያልተያዩ ሰዎች በአንድ ጥላ ሥር ሲቆሙ ደግሞ ፊት ማዞር ቀላል አይሆንም።

ይህን ሁሉ እንደ አበው ተረት ለሚቆጥረው ሰው በጥናት የተፈተሸም አለ። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ፊንቻም፣ ናታኒየል ላምበርትና ባልደረቦቻቸው በ2010 እ.ኤ.አ. «ሳይኮሎጂካል ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ጸሎትና ይቅርታን የሚመለከት ሥራ አሳትመው ነበር። በአንደኛው ሙከራ ከፊሎቹ ተሳታፊዎች ለፍቅር ጓደኛቸው አንድ ጊዜ እንዲጸልዩ፣ ሌሎቹ ስለ ጓደኛቸው መልክና ቁመና እንዲናገሩ ተደረገ። የጸለዩት ጓደኛቸውን ይቅር ለማለት የበለጠ ዝግጁ ሆነው ተገኙ። በሌላው ሙከራ ለአንድ ወዳጃቸው አራት ሳምንት የጸለዩት፣ ስለሌላ ጉዳይ ከጸለዩት ይልቅ ይቅር ባይ ሆኑ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ለሰው መጸለይ የዚያን ሰው ደኅንነት ከራስ ጥቅም አስቀድሞ ማሰብን ያሳድጋል የሚል ነው።

ጥናቱ የተደረገው በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ ነው፤ ለመንዝ ገበሬ ወይም ለጅዳ የቤት ሠራተኛ ሳይቀየር ይሠራል ማለት ድፍረት ይሆናል። አንድ ነገር ግን ከማንኛውም ሰው ኑሮ ጋር ይገጥማል። ባሏን ለጎረቤት ስታማ ያመሸች ሴት፣ ሚስቱን ለመጠጥ ጓደኞቹ ሲዘረዝር ያመሸ ባል፣ ሁለቱም ስለ ትዳር ጓደኛቸው ሲያወሩ ነው ያመሹት። ስለ ሰው ማውራትና ለሰው መጸለይ በአንድ ፊደል ልዩነት ያህል ይቀራረባሉ፤ ወደ ቤት ሲገባ የሚታየው ፊት ግን አንድ አይደለም።

እስካሁን የተወራው ስለተጣሉ ሰዎች ነው። ያልተጣሉትም እንዳይጣሉ የሚያደርጓቸው ልማዶች አሉ፤ ወሎ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች መገኘታቸው እዚያ ብርቅ አይደለም። ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ወይም በሬ ለይቶ ይገዛል። የሚያርደው ሙስሊም ጎረቤት ነው፤ ድስቱም ጭልፋውም ከሙስሊም ቤት ይመጣል፤ ወጡን የሚሠሩትም ሙስሊም ሴቶች ናቸው። ሙስሊም ሲድር ተራው ይገለበጣል። ለባዕድ ተመልካች ይህ መለያየት ሊመስለው ይችላል፤ ሁለት እሳት፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ዳስ። ለደጋሹ ግን ተጨማሪ ወጪና ተጨማሪ ድካም ነው፤ እንግዳው ይህን ድካም ያየዋል። «ና ብላ» ብሎ ጠርቶ የማይበላውን ማቅረብ ከስድብ አይተናነስም። ሁለተኛው ድስት እምነትህን አውቄ ነው የጠራሁህ ይለዋል። ሰርጉ ሲያልቅ ድስቱ ታጥቦ ሲመለስ ደግሞ ባዶውን አይመለስም።

የትንሽ ነገር ክብደት በትልቅ ተቋምም ይታያል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከደርግ ውድቀት በኋላ በአገር ቤትና በስደት ባሉ ሁለት ሲኖዶሶች ተከፍላ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆየች። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለ ተራ ምእመን የቀኖናውን ክርክር ላያውቅ ይችላል፤ ልዩነቱን የሚሰማው በቅዳሴ ላይ በሚጠራው የፓትርያርክ ስም ነበር። አንዱ ደብር በስደት ያሉትን የአቡነ መርቆሬዎስን ስም ይጠራል፣ ሌላው አዲስ አበባ ያሉትን ይጠራል፣ «ገለልተኛ» የተባሉም ነበሩ። በአንድ ስም ምክንያት እህትማማቾች በተለያየ ደብር ልጆቻቸውን ክርስትና ያስነሡ ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ዕርቁ ሲፈጸም ከስምምነቱ ነጥቦች አንዱ የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም በጸሎት እኩል እንዲጠራ ነበር። አቡነ መርቆሬዎስ በዚያው ወር ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም በአገራቸው ኖሩ። በቅዳሴው ላይ የተጨመረው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው፤ እሱን ለማስጨመር የፈጀው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ነው።

አሁን ወደማያስደስተው ክፍል መግባት ግድ ነው፤ ይህ ካልተባለ የእስካሁኑ ግማሽ ውሸት ይሆናል። በእምነት ስም የሚሰጥ ምክር ሁሉ ግንኙነትን አያጠነክርም። «ቻይው፣ መስቀልሽ ነው» ተብላ ወደሚደበድባት ባል የተመለሰች ሴት በየሰፈሩ አለች። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው መዝግቧል። በዳይና ተበዳይን የማትለየው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ለቦይ ጠብ ጸጋ ናት። ለተሰበረ ክንድ ግን መሸፈኛ ትሆናለች። ድንጋዩ ከቃሏ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፤ ድንጋዩን የሚሸከመው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ማን እንደሆነም ሰው ሁሉ ያያል።

ሕጉም ይህን ለመለየት ጊዜ ወስዶበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ አስቀምጦት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በአንቀጽ 564 ለይቶ ወንጀል አደረገው። ሽማግሌና ካህን ከዚህ ጋር አይጋጩም፤ ልማዳቸውን ትንሽ ማስተካከል ግን ይጠበቅባቸዋል። ሚስትን ባሏ በሌለበት ለብቻዋ መጠየቅ አንዱ ነው። እጁን ያነሣው ሰው እጁን ማንሣት ማቆሙ ሳይታይ «ተሳሳሙ» አለማለት ሌላው ነው። ይህም ከእምነት የሚነሣ የባሕርይ ለውጥ ነው፤ የሚለወጡት ግን አስታራቂዎቹ ናቸው።

ዕርቅ ከተባለ በኋላ ማን ይከታተላል የሚለው ጥያቄ ወደ ጽዋ ማኅበር ያመጣናል። ማኅበርተኞች በወር አንድ ቀን፣ በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም ወይም በ23 ጊዮርጊስ፣ በየተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል። «ሙሴ» የሚባለው የማኅበሩ አለቃ የቀረ ሰው ካለ ለምን እንደቀረ ይጠይቃል። ይህ መዋጮና መብል ያለበት ሥርዓት ነው፤ አንዳንዱም ለመብሉ ይመጣል፣ ቢመጣም አይከፋም። ዋናው ነገር በዓመት አንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰው በእያንዳንዱ አባል በር ገብቶ መቀመጡ ነው። ያበጠ ዓይን፣ የተለየ መኝታ፣ ባዶ የሆነ ጓዳ ከዚህ ሁሉ ዓይን አይሰወርም። ወንጌላውያንም በሌላ መንገድ እዚሁ ደርሰዋል። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ ወደ 5,000 አባላት ነበሯት፤ ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ እየተሰበሰቡ ቆይተው ሥርዓቱ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ሳሎን ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ የሚቀመጥ ሰው በትልቅ አዳራሽ እንደሚቀመጥ ሰው ሊደበቅ አይችልም።

በማኅበር ውስጥ ደግሞ ተራው የማን ነው ብሎ የሚከራከር የለም። ተራው የታወቀ ነው። የተጣሉ አባላት አንድ ጽዋ አይጠጡምና ሙሴው ከጠጪዎቹ በፊት እነሱን ያያል፤ ዕርቁ ከጠላው ይቀድማል። ዝክሩ ሲያበቃ ያስተናገደችው ሴት ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ታስረክባለች። ያቺ ተረኛ ከቆርቆሮ አጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቷ የሆነች እንደሆነ፣ ጽዋው የሚያዝ በሁለት እጅ ነውና ሁለቱም እጃቸውን መዘርጋት አለባቸው። የምታስረክበዋ «ለከርሞው ያድርስሽ» ትላለች፤ የምትቀበለዋ «አሜን፣ አብሮ ያድርሰን» ትላለች፤ ሌሎቹ ነጠላቸውን እያጣፉ ጫማቸውን መፈለግ ጀምረዋል።